ሲሙ በማን ስም ነው?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሒሳብ ሠራተኛዋ የቀረበ ንግግር)



የዓመቱን የሒሳብ ሪፖርት ጠዋት ስለሰማችሁ አሁን ቁጥር አላነብላችሁም። ሰብሳቢያችን «ስለ ስልክ ትንሽ አጫውቺን» ብለውኝ ነው የተነሣሁት። ምክንያቱን ታውቃላችሁ። ከሻይ በኋላ ድምፅ የምንሰጥበት ጉዳይ አለ፤ ከመጪው መስከረም ጀምሮ ወርሃዊው ቁጠባ በስልክ ብቻ ይሰብሰብ ወይስ እንደ እስከ ዛሬው በጥሬ ገንዘብም ይቀጥል የሚለው ነው። ይህን ሐሳብ መጀመሪያ ለኮሚቴው ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ደግሞ በራሴ ሐሳብ ላይ የምለው አለኝ። ታገሡኝ፤ ከሩቅ ልጀምር።

እኔ ያደግሁበት ግቢ ውስጥ ስልክ ያለው አንድ ቤት ብቻ ነበር። እሱም መደወያው ላይ ትንሽ ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል፤ የምትከፍተው የቤቱ እመቤት ብቻ ነበረች። ዘመድ ከክፍለ ሀገር ሲደውል «ስልክ ተፈልጋችኋል!» ተብሎ በአጥር ይጠራል፤ እናቴ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ትሮጣለች። እስክትደርስ መስመሩ ይቋረጣል። ከዚያ ሁላችንም ደግሞ ይደወል ይሆናል ብለን ሰው ቤት በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው ይባላል፤ እውነትም ነው፤ ወደ እኛ ሰፈር ግን ገና መንገድ ላይ ነበር።

ሞባይል በ1991 ዓ.ም. በአገራችን ሥራ ጀመረ። እኛ ቤት የደረሰው ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ስልኩ ቢደርስም ካርዱ አልደረሰም። ስለዚህ ሚስኮል የሚባል ቋንቋ ተማርን። አንድ ጊዜ ጠርቶ ከጠፋ «በሰላም ደርሻለሁ» ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ከጠራ «ሊጡ ኩፍ ብሏል፣ ቶሎ ነይ» ነው። ሦስት ጊዜ ከሆነ ግን አንሺው፤ ነገር አለ። ያለ አንዲት ሳንቲም ቤተሰብ ሲተዳደር አይቻለሁ። እናቴ ዛሬ ሙሉ ጥቅል ተገዝቶላት እንኳ አንድ ጊዜ አስጠርታ ትዘጋብኛለች። «ደቂቃው እኮ ሞልቷል እማዬ» ስላት «ቢሆንም አያባክኑም» ትለኛለች። ለሒሳብ ሠራተኛ ከዚህ የተሻለ አስተማሪ የለም።

ከሁሉ አስቀድሜ ስልክ ያመጣልንን ደስታ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ስለ ስልክ ስናወራ ሁልጊዜ ማማረር ይቀናናል።

ከአምስት ዓመት በፊት የእናንተን ቁጠባ በጥቁር ፌስታል ጠቅልዬ፣ ፌስታሉን በቅርጫት ውስጥ ከጎመን ሥር ደብቄ ነበር ወደ ባንክ የምሄደው። ገንዘብ የያዘች ሴት አረማመዷ ያስታውቃል ይባላል፤ እኔም ጎመኑን ከመጠን በላይ አጥብቄ ስለምይዘው የሚያየኝ ሁሉ የሚጠረጥረኝ ይመስለኝ ነበር። ወረፋው ግማሽ ቀን ይወስዳል። ዛሬ ብዙዎቻችሁ ሱቃችሁ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ ትልካላችሁ፤ እኔም ስልኬ «ጭው» ሲል አይቼ እመዘግባለሁ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር «ይሄ ደግሞ ለወጣቶች ነው» ያላችሁ እናቶች ነበራችሁ። ዛሬ ከእናንተ አንዷ በመንገድ ላይ ቡና እያፈላች ቁጥሯን በካርቶን ላይ ጽፋ ሰቅላለች፤ ዝርዝር የለኝም የሚል ደንበኛ ከእጇ አያመልጥም።

ሌላም ደስታ አለ። ልጃቸው ዐረብ አገር የምትሠራ አንዲት እናታችን ባለፈው በኢሞ ስትደውልላቸው አጠገባቸው ነበርኩ። ልጅቷ በምስል ነው የደወለችው። እሳቸው ግን ስልክ የሚሰማው በጆሮ ነው ብለው ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጠፉት። ልጅቷ ከዚያ ማዶ «እማዬ፣ ጆሮሽን ብቻ ነው የማየው!» እያለች ትስቃለች፤ እሳቸው ደግሞ «ጆሮዬም ናፍቆሽ ይሆናል፣ እይው» አሉ። ስቀን ስናበቃ ሁላችንም ዐይናችን እንባ አቅርሮ ነበር።

ማንበብና መጻፍ ያልተማረች አንዲት እህታችን ደግሞ ለኮሚቴው የምታሳውቀውን ሁሉ በድምፅ መልእክት ትልክልኛለች። ድሮ ሰው ለምና ታስጽፍ ነበር፤ ያ ሰው ያልሆነ ነገር ጨምሮ ይጽፍ ወይም ምስጢሯን ይሰማ ነበር። አሁን ራሷ ትናገራለች፤ ከኋላዋ ዶሮው ሲጮህ ጭምር ይሰማኛል። ቁጥር ለይታ የተማረችውም ከስልኩ ቁልፍ ላይ ነው። መብራት ሲጠፋ የስልክ ባትሪ ይዘን የሠራነውን ወጥ ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን።

ደስታው ይህን ይመስላል። አሁን ወደ ብስጭቱ ልግባ።

ትንንሾቹን ብስጭቶች ታውቋቸዋላችሁ። ጥቅል ገዝተሽ ሳትጠቀሚበት ሌሊት ጊዜው ያልፋል። ብር ለመላክ ሁሉንም ቁጥር አስገብተሽ ልትጨርሺ ስትይ «እባክዎ ጥቂት ቆይተው ይሞክሩ» ይልሻል፤ ደንበኛሽ ደግሞ ዕቃውን ይዞ ቆሟል። ስልኩ «ቦታ ሞልቷል» ብሎ እምቢ ይልሻል፤ ስትከፍቺው ልጅሽ የራሱን ፎቶ መቶ ጊዜ አንስቷል። ስልክ ጠግኖ የሚሰጥሽ ልጅ «ሶፍትዌር ነው» ካለሽ፣ ምን እንደሆነ ባታውቂም ገንዘብ እንደሚያስወጣሽ ታውቂያለሽ። እነዚህን እንለፋቸው፤ እንችላቸዋለን።

እኔን የሚያሳስቡኝ በእኛና በስልኩ መካከል ባለ አለመግባባት የሚመጡት ናቸው። ሦስቱን ልንገራችሁ።

አንደኛው ፊደል ነው። ባለፈው ዓመት ስብሰባ ከቅዳሜ ወደ እሑድ ሲዛወር ረጅም የአማርኛ መልእክት ጽፌ ላክሁላችሁ። ግማሻችሁ ቅዳሜ መጣችሁ። ለምን እንደሆነ ኋላ ገባኝ። አንድ የጽሑፍ መልእክት በላቲን ፊደል ሲጻፍ 160 ፊደል ይይዛል፤ በእኛ ፊደል ሲጻፍ ግን 70 ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ፊደላችን ሰፋ ያለ ቦታ ስለሚያስፈልግ ነው። አንዱ ፊደላችን ድምፁን አሟልቶ ስለሚይዝ ጥቂት ያካክሳል፤ ቢሆንም ከ70 ካለፈ መልእክቱ ተቆራርጦ ይሄዳል፤ ሒሳቡም የሁለትና የሦስት መልእክት ይሆናል። የእኔ መልእክት ተቆርጦ ለአንዳንዶቻችሁ መጀመሪያው ብቻ ደረሰ፤ መጀመሪያው ደግሞ «የቅዳሜው ስብሰባ» ነው የሚለው። የቆየ ባለ ቁልፍ ስልክ የያዛችሁት ከነአካቴው አራት ማዕዘን ሣጥን ብቻ ነው ያያችሁት። አንዷ እናታችን «ልጄ፣ የላክሽልኝ ጥልፍ ምንድን ነው?» ብለውኛል። ከዚያ ወዲህ አጭር እጽፋለሁ፤ ቀኑን አስቀድማለሁ፤ ባለ ቁልፍ ስልክ ላላችሁ ደግሞ እደውላለሁ። ብዙ ወጣቶች አማርኛውን በላቲን ፊደል የሚጽፉት ቋንቋቸውን ንቀው ብቻ አይደለም፤ አንዳንዴ ርካሽና አስተማማኝ ስለሆነላቸው ነው። ያም ሆኖ እናቶቻችን ሊያነቡት አይችሉም።

ሁለተኛው ቀን ነው። ይህኛው ጥፋት የራሴ ስለሆነ በአደባባይ ልናገረው። አትክልት የምትሸጥ አንዲት እናታችን የኅዳር ወር ቁጠባዋን በስልክ ልካለች። መልእክቱን ያሳየችኝ ግን ዘግይታ ነው። በመልእክቱ ላይ ያለው ቀን «09/12» ይላል። እኔ ዘጠነኛው ወር፣ 12ኛው ቀን ብዬ አነበብኩት፤ በእኛ መስከረም 2 መሆኑ ነው። «ይሄ የመስከረሙ ነው፤ የኅዳሩ የለም» ብዬ የዘገየችበትን የ10 ብር ቅጣት ጻፍሁባት። እሷ አልተቆጣችም። «ልጄ፣ እኔ የላክሁት ኅዳር ሲያልቅ ነው፤ በማግስቱ ልደታ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ስልኬን ዘግቻለሁ» አለችኝ። ቤት ገብቼ ሳሰላው፣ መልእክቱ ቀኑን ነው ያስቀደመው፤ ወሩ 12ኛው፣ ቀኑ 9 ነው። ይህም በእኛ ኅዳር 30 ይሆናል፤ ማግስቱ ታኅሣሥ 1፣ ልደታ ነው። እሷ ትክክል፤ እኔ ስሕተት። ቅጣቱን ሰርዤ ይቅርታ ጠየቅኋት። ኮሌጅ ሒሳብ የተማርኩት እኔ ነኝ፤ ቀኑን በትክክል ያወቀችው ግን በታቦት የምትቆጥረው እሷ ናት።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ስልኩ 2:15 ሲል ከቀኑ 8 ሰዓት ከሩብ ነው፤ 14:15 ሲልም ያው ነው። «ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አልላክሁም» ብላ ከባንክ ሠራተኛ ጋር የተከራከረች እህት አለችን። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር።

ሦስተኛው፣ ዛሬ የቆምኩበት ዋናው ነገር፣ ስም ነው።

እንጀራ ጋግራ ለሁለት ምግብ ቤቶች የምታቀርብ አንዲት እህት አለችን። ታሪኳን እንድነግራችሁ ፈቅዳልኛለች፤ ስሟን አልጠራም። ምግብ ቤቶቹ የሚከፍሏት በስልክ ነው። የጤፍ መግዣዋንም እዚያው ስልኩ ላይ ታስቀምጣለች፤ ቤት ካስቀመጠችው ይወጣል፣ ስልኩ ላይ ከሆነ ግን ማንም አያየውም። አንድ ቀን ማታ ታክሲ ስትሳፈር በግፊያ መካከል ስልኳ ተሰረቀ። ውስጡ 6,400 ብር ነበር። አልደነገጠችም። «ስልኩ ይሂድ፤ ብሩ በሚስጥር ቁጥር ተቆልፏል፤ ነገ ሲሜን አስወጥቼ እገባለሁ» ብላ ነው ያደረችው። ትክክልም ነበረች።

በማግስቱ መታወቂያዋን ይዛ ሄደች። ወረፋ ጠብቃ ደረሰች። አስተናጋጇ ቁጥሩን አስገብታ አየችና «ይህ ቁጥር በእርስዎ ስም አይደለም» አለቻት። የማን ነው ስትል፣ ከተለያዩ አራት ዓመት የሆናቸው የቀድሞ ባሏ ስም ነው። ያኔ አብረው ሲኖሩ እሱ ነው ገዝቶ የሰጣት። እሷ ስጦታ መስሏት ተቀበለች፤ መዝገቡ ግን የሚያውቀው እሱን ነው። በሲሙ የተከፈተው የገንዘብ ሒሳብም በዚያው ስም ነው። «ዘጠኝ ዓመት ካርድ የሞላሁበት ስልክ እንዴት የእኔ አይሆንም?» አለች። አስተናጋጇ አዝናላት «ባለ ስሙን ይዘው ይምጡ» አለቻት።

እዚህ ላይ አስተናጋጇን ልንወቅሳት አይገባም። «ስልክ ጠፍቶብኛል» ላለ ሁሉ ሲም የሚሰጥ ቢሆን ኖሮ፣ ሌባውም ሄዶ ያስወጣው ነበር። ሥርዓቱ እኛንም የሚጠብቅ ነው። ችግሩ ሥርዓቱ የሚጠብቀው መዝገብ ላይ ያለውን ሰው መሆኑ ነው፤ መዝገብ ላይ ደግሞ እኛ የለንም።

ከዚያ የሆነውን ላሳጥረው። ለቀድሞ ባሏ መልእክት ላከች፤ አልመለሰም። ሽማግሌ ላከች፤ «ጊዜ የለኝም» አለ። እሷ ጤፍ በዱቤ ወሰደች፤ ዱቤውም አልበቃም፤ አንዱ ምግብ ቤት ሦስት ቀን ጠብቆ ሌላ ጋጋሪ ያዘ። በሦስተኛው ሳምንት እሱ መጣ፤ ፈረመ፤ ስሙም ተዛወረ፤ ብሩም ሳይነካ ተገኘ። ጥሩ ሰው ነው እንበለው። ነገር ግን ከመፈረሙ በፊት «ለመሆኑ ውስጡ ስንት ብር አለ?» ብሎ ጠይቋታል። ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ ተለወጠ። «ብሩን አላጣሁም እህቴ፤ ግን ለዚያ ጥያቄ መልስ መስጠት ነበረብኝ» አለችኝ።

እህቶቼ፣ ይህ ማኅበር የተቋቋመው ያንን ጥያቄ ለማንም መመለስ ግዴታ እንዳይሆንብን አይደለም?

ይህን ከሰማሁ በኋላ በየቡድኑ ዞሬ አንድ ጥያቄ ጠየቅሁ፤ «ሲምሽ በማን ስም ነው?» መልሱን ስሙት። «በልጄ»፣ «በወንድሜ»፣ «በአከራዬ ልጅ»፣ «ከመንገድ ላይ ነው የገዛሁት፤ ስም አልጠየቁኝም»፣ «በሟቹ ባለቤቴ»። የብዙዎቻችሁ መልስ ደግሞ «አላውቅም» ነበር። በጣቴ ቆጥሬ ልጨርስ የጀመርኩት ቆጠራ ጣት አነሰው።

ያኔ ነው ወደ ራሴ የዞርኩት። የእኔንስ ማን ጠይቆኝ ያውቃል? የዚህን ቁጥር ሲም የያዝኩት ተማሪ ሳለሁ ነው፤ ያኔ የቀበሌ መታወቂያ አልነበረኝም። ሄጄ አጣራሁ። ሲሙ በታላቅ ወንድሜ ስም ነው። የማኅበራችን ባንክ ማሳወቂያ የሚመጣው በዚሁ ቁጥር ነው፤ የእናንተ ቁጠባ ሲገባ «ጭው» የሚለው ይኸው ስልክ ነው። የሌሎችን ደረሰኝ ቁጥር በቁጥር የማጣራ ሰው፣ በወንድሜ ስም በተመዘገበ ስልክ የሰው ገንዘብ ስጠብቅ ኖርኩ። ወንድሜ ቅን ሰው ስለሆነ አብሮኝ ሄዶ በአንድ ጠዋት አዛወረልኝ። ሰው ቅን ነው ብሎ ግን ሒሳብ አይያዝም። ዛሬ በእኔ ስም ነው፤ የዝውውሩን ወረቀትም በማኅበሩ ፋይል ውስጥ አስቀምጫለሁ፤ ማየት የምትፈልግ ትየው።

አሁን ስለ ሚስጥር ቁጥር አንድ ነገር ልጨምር። ስም አስተካክለሽ ቁጥሩን ለሰፈሩ ልጅ ከነገርሽው ድካምሽ ከንቱ ነው። አውቃለሁ፤ መነጽር የለሽም፤ ጽሑፉ ያንሳል፤ ባለ ሱቁ ልጅ ደግሞ ፈጣንና ጨዋ ነው። ቢሆንም መላኩን ያግዝሽ፣ አራቱን ወይም ስድስቱን ቁጥር ግን ራስሽ ንኪው። የልደት ዓመትሽን አታድርጊው፤ ቤተሰብሽ ሁሉ ያውቀዋል። የመጣውን የገንዘብ መልእክት ሰው እንዲያይብሽ ካልፈለግሽ ካነበብሽ በኋላ ደብተርሽ ላይ መዝግበሽ ከስልኩ አጥፊው።

አጭበርባሪዎችም በዝተዋል። የሚመጡባቸውን መንገዶች ለይተን እንወቅ። አንደኛው «ሽልማት ደርሶዎታል፤ የመጣልዎትን ቁጥር ይንገሩኝ» የሚል ነው። ሽልማት የሚሰጥ ሰው ያንቺን ቁጥር አይፈልግም፤ ቁጥር የሚጠይቅ ሁሉ ሊወስድ ነው። ሁለተኛው «በስሕተት 2,000 ብር ልኬብሻለሁ፤ ስለ ልጆችሽ ብለሽ መልሺልኝ» የሚል ነው። መልእክቱ በእርግጥ ስልክሽ ላይ አለ፤ ነገር ግን ከተለመደው አጭር ቁጥር ሳይሆን በ09 ወይም በ07 ከሚጀምር ተራ ቁጥር ነው የመጣው፤ ሰውየው ራሱ የጻፈው ነው። ከማዘንሽ በፊት ቀሪ ሒሳብሽን እይ። ሦስተኛው እኛን ነጋዴዎቹን የሚመለከት ነው። ገዢው «ልኬያለሁ፣ ይኸው» ብሎ የራሱን ስልክ ያሳይሻል። የሰው ስልክ የሚያሳየው ሥዕል ነው፤ ሥዕል ደግሞ ይሠራል። አንቺ ማየት ያለብሽ የራስሽን ስልክ ነው። ገንዘቡ ካልገባ ዕቃው አይወጣም። ማፈር የለም፤ እውነተኛ ደንበኛ ይጠብቅሻል።

ስትልኪም አንድ አሃዝ ከተሳሳተ ብሩ ሌላ ሰው ቤት ይገባል፤ መመለሱ በዚያ ሰው ልብ ላይ የተመሠረተ ይሆናል። ስለዚህ ከማረጋገጥሽ በፊት የሚወጣውን የተቀባይ ስም አንብቢ። ማንበብ ካልቻልሽ የምታምኛትን ሰው አስነብቢ። አዲስ ቁጥር ከሆነ መጀመሪያ ጥቂት ብር ልከሽ «ደረሰሽ?» ብለሽ ጠይቂ።

ወደ ድምፁ ልመለስ። ሁሉም በስልክ ቢሆን የእኔ ሥራ በግማሽ ይቀንሳል። ጥሬ ገንዘብ አልቆጥርም፤ ጎመን ሥር አልደብቅም፤ ወር ሲዘጋ ሒሳቡን ከባንክ ጋር ለማስታረቅ እስከ ሌሊት አላመሽም። ሐሳቡን ያመጣሁትም ለዚህ ነው፤ አልዋሻችሁም። አሁን ግን ከመስከረም ጀምሮ «በስልክ ብቻ» ብንል የአንዳንዶቻችሁ ቁጠባ በየወሩ በሌላ ሰው ስም በተመዘገበ ስልክ አልፎ ነው የሚመጣው። ስልክ የሌላቸው አራት እናቶቻችን ደግሞ ቁጠባቸውን ለልጅ ወይም ለጎረቤት ሰጥተው ሊያስልኩ ነው። ሣጥኑ ፊት ቀርበው በእጃቸው ቆጥረው ሲያስገቡ የሚሰማቸውን ኩራት አይቻለሁ፤ እሱን ልንወስድባቸው አይገባም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኛ ብናፈስ ግን የሚለቀመው የሰው ጥሪት ነው።

ስለዚህ ለጉባኤው የማቀርበው የተሻሻለ ሐሳብ ይህ ነው።

አንደኛ፤ በጥሬ ገንዘብ መሰብሰቡ ይቀጥል። በስልክ መላክ የፈለገች ትላክ፤ ማንም ግን አትገደድ፤ በጥሬ ገንዘብ በመክፈሏም ወደ ኋላ የቀረች አትባል።

ሁለተኛ፤ በሐምሌ ወር እያንዳንዱ ቡድን ቀን ቆርጦ፣ መታወቂያችንን ይዘን በጋራ ሄደን ሲማችን በማን ስም እንደሆነ እናጣራ። በሌላ ሰው ስም ከሆነና ሰውየው ካለ አብራችሁ ሂዱ። ባለ ስሙ በሞት የተለየ ከሆነ ወይም የማይገኝ ከሆነ ምን ሰነድ እንደሚያስፈልግ ስልኩ ከመጥፋቱ በፊት፣ ዛሬ ጠይቁ። የፋይዳ መታወቂያ ያላወጣችሁ እግረ መንገዳችሁን አውጡ።

ሦስተኛ፤ የቁጠባ ደብተራችሁን አትጣሉ። በስልክ የላካችሁትንም በየወሩ እጽፍላችኋለሁ፤ ቀኑን በእኛም በፈረንጆችም አቆጣጠር ጎን ለጎን አደርገዋለሁ። ስልክ ይሰረቃል፤ ባትሪ ያልቃል፤ ደብተሩ ግን የእናንተን ስም ይዞ ይቆያል።

አራተኛ፤ ቅጣት ከመጻፌ በፊት አባሏን ጠይቄ እሰማለሁ። ይህ የራሴ ቃል ነው።

ለአጋሮቻችንም አንድ ልመና አለኝ። ባለፈው ጊዜ «ለቡድኖቹ ዘመናዊ ስልክና መተግበሪያ ብንሰጥስ?» ብላችሁ ጠይቃችሁን ነበር። አሳቢነታችሁን እናመሰግናለን። ለአሁኑ ግን የምንፈልገው ከዚያ ያነሰና የበለጠ ነው። አንዲት እንጀራ ጋጋሪ ለስም ዝውውር ስትሄድ የዚያን ቀን ምጣዷ አይሰማም። ቡና የምታፈላዋ ደንበኛ ታጣለች። የትራንስፖርቱንና የዚያን ግማሽ ቀን ገቢያቸውን ብትሸፍኑልን፣ ማንበብ ለማይችሉትም አብራቸው የምትሄድ አንዲት ወጣት ብትመድቡልን፣ ያለን ስልክ በእውነት የእኛ ይሆናል። በፎቶ የሚያምር ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ። በሪፖርት ግን አንድ መስመር ይወጣዋል፤ እኔ እጽፈዋለሁ።

ላጠቃልል። ያቺ እንጀራ የምታቀርበው እህታችን ዛሬ እዚሁ ተቀምጣለች፤ ማን እንደሆነች አትፈልጉ። የሄደባት ምግብ ቤት አልተመለሰም፤ በምትኩ ግን ሌላ አግኝታለች። ባለፈው ሳምንት የወር ቁጠባዋን ስትልክልኝ ስልኬ ጮኸ፤ አየሁት። እስከዚያ ድረስ በዚያ ቁጥር ሲመጣ የኖረው የሌላ ሰው ስም ነበር፤ እኔም አንድ ቀን እንኳ «ይሄ ማን ነው?» ብዬ አልጠየቅሁም ነበር። በዚያ ቀን ግን የመጣው የራሷ ስም ከነአባቷ ነው። ወዲያው ደወልኩላትና «ስምሽ መጣ እኮ!» አልኳት። «አየሁት፣ እኔም ሦስት ጊዜ አስነብቤዋለሁ» አለችኝ።

ሻዩ ቀርቧል። ጠጥተን ስንመለስ ድምፅ እንሰጣለን። እስከዚያው ከጎናችሁ ያለችውን እህታችሁን ጠይቋት፤ ሲሟ በማን ስም ነው?